ልጅ የላትም ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

እናቴ መጀመሪያ የረሳችው ጨው ነው። አንዳንድ ቀን ወጡ ውስጥ ሁለት ጊዜ ትጨምራለች፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ትተወዋለች። ቀድማ ያስተዋለችው ባለቤቴ ነበረች። ስትነግረኝ፣ "አማትና ምራት በጨው ካልተጣሉ በምን ሊጣሉ ነው?" ብዬ አፏን አስያዝኳት። ሰው በቤቱ ዳኛ ልሁን ሲል ምስክር መስማት ይተዋል። ይህ ጠባይ ነበረብኝ፤ ዛሬ ጨርሶ ለቆኛል ብዬም አልዋሽም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነበር። እኔ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ፤ ባለቤቴ ፋብሪካ ትሠራለች፤ አራቱ ልጆቻችን ተማሪዎች ናቸው። እናቴ የደራ ሰው ናት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። አባቴ ሲሞት እኔን አዝላ ናዝሬት ገባችና ለባቡር ተሳፋሪ ቆሎ እየሸጠች አሳደገችኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ቆሎ ከምትጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ በራሴ ጥረት ያወቅሁ እየመሰለኝ ኖርኩ። ለልጆቼም እንዲሁ እያልኩ ሰበክሁ። ጋዜጣውን ማን እንደገዛው አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ከጨው በኋላ የረሳችው መንገድ ነው። ባቡር ሲጮህ ባዶ ቅርጫት ይዛ ትወጣለች። ቆሎ መሸጥ ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ እሷ ግን ተሳፋሪው እንዳያመልጣት ትሮጣለች። መጀመሪያ ሰሞን የጣቢያው ሰዎች ያውቋት ስለነበር እጇን ይዘው ይመልሷታል። አንድ ቀን ግን መንገድ ስታ ወደ አሰቡ አውራ ጎዳና ወጣች። አንድ የማውቀው ሹፌር ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ጋራዥ ድረስ አመጣልኝ።

"ወንድሜ፣ ፍሬኑን አንተ ባትሠራው ኖሮ ዛሬ እናትህን እኔ ነበርኩ የምገድላት" አለኝ።  እሷ ጋቢናው ውስጥ ተመቻችታ ተቀምጣ ትስቃለች፤ መኪናው ባቡር መስሏታል።

ከዚያ አማርኛው ለቀቃት። ውሃ ሲጠማት "ቢሻን" ትላለች፤ በአማርኛ ሲመልሱላት እንደ ባዕድ ታያቸዋለች። ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ የምታውቀው የገበያ ኦሮምኛ ብቻ ነው። እኔ ማታ ከሥራ ስገባ እናቴ ድምፄን ስትሰማ "ኢልማኮ" ትለኝ ነበር፣ ልጄ ማለቷ ነው። ይህችን ቃል እስከዚያ ድረስ እንደ ሰላምታ ነበር የምሰማት። ውላ አድራ ይህችንም ተወቻት። ቀና ብላ ታየኝና ለእንግዳ እንደሚደረገው መቀመጫ ትለቅልኛለች። እንደዚያ ቀን ምንም ነገር አጥቼ አላውቅም።

ቀን ቀን የሚጠብቃት ጠፋ። ጎረቤቶች ተራ በተራ ያዩልን ነበር፤ ግን እነሱም የቀበሌ ስብሰባ አለባቸው፣ የስኳር ሰልፍ አለባቸው። በመጨረሻ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዛሁ። "ለደኅንነቷ ነው" አልኩ።  ጠዋት ከውጭ እቆልፍና ለምሳ መጥቼ እከፍታለሁ።

አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ በሩ ከውስጥ ሲቧጠጥ ሰማሁ። ከፍቼ ስገባ ጥፍሯ ተላጦ እየደማ ነው። በኦሮምኛ፣ "እባክህ ሰውዬ፣ አሳልፈኝ፤ ልጄ ጣቢያው ላይ ብቻውን ነው" አለችኝ። ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

"አባባ" አለችኝ፣ "እናትና አባትህን አክብር ብለህ በቃል ያስጠናኸን ይሄን ነው?"

እጄን አነሳሁ። አልመታኋትም፤ ማንሳቴን ግን አይታለች። እጄን ሳወርድ ቁልፉ አሁንም በውስጡ ነበር።

በማግስቱ እናቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ብዙም አላናገራትም። "የእርጅና የመርሳት በሽታ ነው። የምሰጥዎት መድኃኒት የለኝም። መድኃኒቷ አጠገቧ የማይጠፋ ሰው ነው" አለኝ። ያን ሰው ቤቴ ውስጥ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ባለቤቴ ሥራዋን ትልቀቅ እንዳልል ቤቱ የቆመው በሁለት ደመወዝ ነው። ልጄ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ እኔው ራሴ መሐላ አስምያታለሁ። ስለዚህ የአረጋውያን መጦሪያ መፈለግ ጀመርኩ። በኛ አገር ይህ ነውር ነው። እናቱን መጦሪያ አስገባ ተብሎ ከመነገር ሰረቀ መባል ይሻላል። ቢሆንም ፈለግሁ።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ አዲስ አበባ ሄድኩ። የመንግሥት መጦሪያ ነው። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ አልጋው እንደ ወታደር ሰፈር በመስመር ተደርድሯል፣ ወለሉም ንጹሕ ነው። መካኒክ ቀለም አይቶ መኪና አይገዛም፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያያል። ብርድ ልብሱን ገልጬ ፍራሹን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ሽንት ቤቱን አየሁ፤ ደኅና ነው። ነገር ግን እዚያ በቆየሁበት ሰዓት ሁሉ አንድ አስታማሚ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሲነጋገር አልሰማሁም። ኦሮምኛ የሚችል እንዳለ ስጠይቅ ጸሐፊው፣ "እዚህ ሁሉም ዝም ነው የሚለው፤ ቋንቋ ምን ያደርጋል?" አለኝ። አእምሮው የሚዘነጋ ሰው እንደማይቀበሉም ነገረኝ።

ሁለተኛው እዚሁ ናዝሬት ነው፤ አረጋውያን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩበት። እዚያስ ጨዋታ አለ፣ ዘመድ የመሰለ ሰው አለ። ግን በሩ ክፍት ነው፤ ከበሩ እስከ ባቡር ሐዲዱ ደግሞ ቅርብ ነው። አንዲት መነኩሲት ጥያቄዬን ሰምተው፣ "ልጄ፣ እኛ ጸሎት እንጂ አጥር የለንም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ዝዋይ ነው። በሞጆና በመቂ አድርጌ በአውቶቡስ ሄድኩና ከከተማው ጋሪ ተሳፈርኩ። ሐይቁ ከሚታይበት ሜዳ ላይ የሚሲዮን ሲስተሮች የሚያስተዳድሩት ትንሽ ቤት ነው። ስደርስ ያየሁት ነገር ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። በግራር ዛፎች መካከል እንደ ቀለበት የሚዞር፣ በእግር የተደለደለ መንገድ አለ። አራት አምስት አረጋውያን ይዞሩበታል። መንገዱ መጨረሻ ስለሌለው ማንም አይጠፋም፤ የፈለገውን ያህል ሄዶ እዚያው ይመለሳል። ዙሪያውን የሽቦ አጥር አለ፤ ግን በሐረግ ስለተሸፈነ አጥር አይመስልም። አንዲት ጎልማሳ አስታማሚ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እየዞረች፣ "ከብቶቹ ዛሬ ሩቅ ሄደዋል አባባ፣ እስኪመለሱ ምሳችንን እንብላ" ትላለች፣ በኦሮምኛ። ሽማግሌው እሺ ብለው ተከተሏት። ከብት ዓይናቸው ካየ ሃያ ዓመት ሳይሆን አይቀርም። አልዋሸቻቸውም፣ አልካደቻቸውም፤ አብራቸው ፈለገች። ፍራሽ መዳሰስ አላስፈለገኝም። እናቴ እዚህ ትሁን አልኩ።

ኃላፊዋ ሲስተር በዕድሜ የገፉ፣ አማርኛቸው የጠራ ሴት ናቸው። ወንበር ሰጡኝና ገና ሳልናገር እንዲህ አሉ፤

"አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርዎ። እዚህ የሚገባው ጧሪ የሌለው ብቻ ነው። ልጅ ያለው አይገባም። ልጆቻቸውን ግንባር ላይ ያጡ እናቶች ተራ እየጠበቁ ነው። ጧሪ እንደሌላት ሦስት ሰው መስክሮ የፈረመበት የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል። እርስዎ ምኗ ነዎት?"

"ጎረቤቷ" አልኩ።

ሳላስበው ከአፌ አመለጠ ብል ደስ ባለኝ። አስቤበት ነው።

ሲስተሯ ደብተር አውጥተው ይጠይቁኝ ጀመር። በየትኛው ጎኗ ነው የምትተኛው? ስትፈራ ምን ያረጋጋታል? ዓሣ ትበላለች? ሲነኳት ትወዳለች ወይስ ትቆጣለች? አንዱንም አላውቅም ነበር። ሲስተሯ በርኅራኄ፣ "አይዘኑ፣ ጎረቤት ከዚህ በላይ አያውቅም" አሉኝ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነገሩን ስነግረው አልከበደውም። "ጓድ፣ በመሠረተ ትምህርት ስንቱን ሽማግሌ አስነብበህልናል፤ አንድ ቀን አንድ ነገር ለምነኸኝ አታውቅም። ወረቀት እኮ ነው፣ ማኅተም እኮ ነው!" ብሎ ራሱ ጻፈው። ከልብስ ሰፊው ጎረቤቴና ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ፊርማ ተገኘ። ልብስ ሰፊው አላነበበውም፤ ባልደረባዬ አንብቦ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። ለሦስተኛው የእድራችንን ዳኛ አስጠራናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ይሄ ወረቀት ማንን ነው የገደለው?" አሉ።

"ማንንም አልገደለም አባባ።"

"አንድ ሰው ገድሏል። እናትህ እድር ስትገባ ልጇ ብዬ የመዘገብኩህ አንተን ነው። እኔ መዝገብ ላይ ቆመህ እዚህ ስትወድቅ ዝም ብዬ አላይህም። ከከበደችህ ከበደችኝ በል፤ አብረን እንሸከም። የለሁም አትበል።" ዱላቸውን አነሱና ወጡ።

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ። "ሽማግሌ ናቸው፣ ተዋቸው። ግን ሦስተኛ ሰው ከየት ላምጣ? ስብሰባ ልገባ ነው።"

"እኔ እፈርማለሁ" አልኩ።

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ፊቴን አየና እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ፊርማዬ ያምራል። ራሴን ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ብዙ ደክሜበታለሁ። እናቴ ልጅ እንደሌላት በዚያ በሚያምር ፊርማ መሰከርኩ። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ልጆቼን ስለ እውነት አልሰበክኋቸውም፤ አለመስበኬ የልብ ሕመም መስሏቸው ውሃ አቀረቡልኝ።

ወደ ዝዋይ ስንሄድ እናቴ መስኮት በኩል ተቀምጣ ደስ ብሏት ነበር። በየመቆሚያው ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ሲመጡ በቁም ነገር ታያቸዋለች፤ አለካካቸው ልክ እንዳልሆነ በራሷ ቋንቋ ትነግረኛለች። መጦሪያው ስንደርስ አስታማሚዋ እጇን ያዘች። እኔም ሲስተሯ ፊት፣ "እማማ፣ ደኅና ይሁኑ" አልኳት። እናቴን እርስዎ ስል የመጀመሪያዬ ነው።  እሷ ቀና ብላ ሳታየኝ በቀለበቱ መንገድ ሄደች።

ቤቱ ሰላም ሆነ። በሩ አይቆለፍም፣ ወጡ ጨው አይበዛበትም። ሁላችንም እፎይ አልን ማለት አለብኝ፤ እውነት ስለሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ናፍቆቱ መጣ። ባቡር ሲጮህ ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ከጋራዥ ስወጣ በጣቢያው በኩል ዞሬ እገባለሁ፤ የምመልሰው ሰው ግን የለም። አልጋዋ ላይ ትንሹ ልጄ መተኛት ጀመረ፤ ለምን እንደተቆጣሁት ለራሴም አልገባኝም። ባለቤቴ አንድ ቀን እህል እየለቀመች፣ "ሽታዋ ከነጠላዋ እየጠፋ ነው፤ አላጠብኩትም እኮ" አለች። ያ የአማትና የምራት ጠብ ብዬ የዘጋሁት ነገር ፍቅር እንደነበረ ያን ቀን አወቅሁ። በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛም ጠየቅኋት። "በቀኝ። ግራ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ" አለችኝ። ይህን ለሲስተሯ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ጎረቤት ግን እንዴት ያውቃል?

በየወሩ እሄድ ነበር። እናቴ ወፍራለች፣ ጥፍሯ ድኗል። አስታማሚዋ፣ "ባቡሩ ዘግይቷል እማማ" እያለች ታዞራታለች። በአጠገቧ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ዓይነ ሥውር አሮጊት አሉ፤ ሁለት ልጆቻቸውን ግንባር የሰጡ፣ ምላሳቸው ግን ያልታወረ። ኮቴዬን ሲሰሙ ይጀምሩኛል።

"መጣ ጎረቤቱ! ከናዝሬት ድረስ በየወሩ የሚመላለስ ጎረቤት ምን ዓይነቱ ነው? የኔዎቹ ጨው እንኳ አያበድሩኝም ነበር።"

"ደግ ሰው ነበሩ እማማ፤ ውለታ አለብኝ" አልኳቸው።

"እህ። ድምፅህም የሷን ይመስላል። ውለታ ድምፅ ያመሳስላል ለካ!"

ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። 

በአራተኛው ወር ይመስለኛል ሲስተሯ ቢሮ አስጠሩኝ። "እማማ ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል ይደጋግማሉ" አሉኝ። "ኢልመን ቀባ ይላሉ። ልጅ አለኝ ማለት መሆኑን ሴቶቹ ነግረውኛል። ወረቀቱ የላትም ይላል። ልጅ ነበራቸው?"

የመመለሻው መንገድ እዚያ ጋ ነበር። አለኝ፣ እኔ ነኝ ብል ኖሮ ወረቀቱን ቀድጄ እናቴን ይዤ እመለስ ነበር። የሚጠብቀኝን አሰብኩ፤ ቁልፉን፣ አውራ ጎዳናውን፣ የባለቤቴን ድካም። እፍረቱንም አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ በላይ እሱን ነው ያሰብኩት።

"ነበራቸው" አልኩ።

ሲስተሯ አንገታቸውን ነቅንቀው ሌላ አልጠየቁኝም። እኔ ነገሩ በዚያ የተዘጋ መስሎኝ ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ።

የዘነጋሁት የገዛ አገሬን ባህል ነው። ልጇ ሞቶ ያልተረዳች እናት እንዳለች አስታማሚዎቹ ሲሰሙ ሊያልፉት አልቻሉም። ሰው ወዳጁ ሞቶበት ሳያለቅስ እንዲኖር መተው በኛ ዘንድ ግፍ ነው፤ ሟቹም ይቀየማል ይባላል። እሷ ደግሞ በየጠዋቱ ልጅ አለኝ እያለች የሞተ ሰው ትጠብቃለች። ተመካከሩ። ከከተማው አንድ ሽማግሌ ለመኑ። ሊነጋጋ ሲል በወጉ ተሰብስበው፣ ፊቷን አጥበው፣ መርዶ ነገሯት። ጥቁር አለበሷት። ሦስት ቀን አብረዋት ተቀመጡ። ሁሉንም ያደረጉት በንጹሕ ልብ ነው። በእናቴ ላይ በዚያ ዘመን ከተደረገው ሁሉ ክፉው ነገር በደግ ሰዎች እጅ ተደረገ፤ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ወር ስሄድ ግራሩ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ አየሁ። እናቴ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ መሐል ተቀምጣለች። ጠጉሯ ተቆርጧል። አስታማሚዋ ከሩቅ አየችኝና መጥታ በሹክሹክታ፣ "እንኳን መጣህ። ልጃቸውን አረዳናቸው። ናዝሬት ያለ ሰው ለቅሶ ሳይደርስ ይቀራል ብለን ስናዝን ነበር" አለችኝ።

ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ምንጣፉ ዳር ተቀመጥኩ። የራሴ ለቅሶ ደራሽ ሆኜ። እናቴ የለበሰችውን ጥቁር ጨርቅ በጣቶቿ እያሻሸች ታየው ነበር። ከዚያ ቀና ብላ በዙሪያዋ ያሉትን ጠየቀች።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ልጅሽ ነዋ፣ እህቴ" አሉ ዓይነ ሥውሯ።

እናቴ ጮኸች። ገና ዛሬ እንደሰማች ጮኸች። ደረቷን መታች፣ ሴቶቹ እጇን ያዟት፣ አብረዋት አለቀሱ። ቀስ በቀስ ጸጥ አለች። ሰማዩን አየች፣ አንድ ወፍ ተከተለች። ከዚያ ጨርቁን እንደገና አየችውና፣ "ማን ሞቶ ነው?" አለች።

"እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው" አለችኝ አስታማሚዋ፤ ዓይኗ አብጧል። "ጥቁሩን እናውልቅላቸው ስንል ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ነውር ነው አሉን።"

ሁለተኛው መልስ ከመሰጠቱ በፊት ተነሳሁ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "አልሞተም" አልኩ። "እኔ ነኝ። እናቴ ናት። ዋሽቻለሁ።"

 ቀድመው የተናገሩት ዓይነ ሥውሯ ናቸው። "በድምፅህ አውቄህ ነበር" አሉ። "ቢሆንም ሞተ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። የኔዎቹ ሞተው ነው የቀሩት። በሕይወት ያለ ልጅ ከእናቱ የሚቀርበትን ምክንያት ላስረዳት አልቻልኩም።"

ከእናቴ ፊት ተንበርክኬ፣ "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም" አልኳት በኦሮምኛ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ። ያወቀችኝ መሰለኝ። ከዚያ እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችና፣ "አይዞህ፣ አንተም ሞቶብሃል?" አለችኝ።

ሲስተሯ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ከፈቱና ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ዝርዝር አሳዩኝ፤ ገጹን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ተላልፏል። "አልጋው የእነዚህ ነበር" አሉ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም እናቴን ዛሬውኑ ይዤ እንደምሄድ ነገርኳቸው። በር ላይ ስንደርስ ግን ጠሩኝና፣ "መንገዱን አይተውታል። ቀለበት ይሥሩላቸው። ሲፈሩ ደግሞ ጣታቸውን ያሻሹላቸው፣ አውራ ጣታቸውን" አሉኝ።

ናዝሬት እንደገባሁ የእድሩ ዳኛ ቤት ሄጄ ጥፋቴን ተናገርኩ። ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጓሮ ዞረው ሚስታቸውን ጠሩና፣ "ማክሰኞና ሐሙስ የኛ ነው፤ ለሌሎቹም ንገሪ" አሉ። ሊቀ መንበሩ ዘንድም ሄጄ ወረቀቱ ይሰረዝልኝ አልኩት። ፋይሉን እያገላበጠ፣ "ጓድ፣ እሺ ይሰረዛል፤ ግን ሞቼ ነበር ብለህ ያመለጡህን ስብሰባዎች እንዳትከራከረኝ" አለ። ባለቤቴ የሥራ ፈረቃዋን ለወጠች። እኔ ከልጆቼ ጋር ግቢውን ደልድዬ በቤቱ ዙሪያ መንገድ ሠራሁ፤ ሻካራውን በአካፋ አስተካከልኩ፣ ስለታሙን ቆርቆሮ ነቀልኩ። እናቴ ዞረችበት። አንዳንድ ቀን ደክመን ተጨቃጨቅን፣ አንድ ቀንም ከበር አምልጣን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ቀላል ነበር አልልም። ዝዋይ የተሻለ ይይዟት ነበር፤ ይህንንም እመሰክራለሁ። ጥፋቴ ቦታውን መምረጤ አይደለም። ቦታውን በደንብ ነበር የመረጥኩት።

ጥቁሩን አወለቅንላት። በቤታችን ሞት የሚለውን ቃል ማንም እንዳያነሳ አዘዝኩ። ግን መርዶው አንዴ ገብቷል። ጨውን ረሳች፣ ባቡሩን ረሳች፣ በመጨረሻ ማንኪያ መያዝ ረሳች፤ ልጅ አለኝ ማለትን ትታ ልጅ ነበረኝ ማለት ጀመረች፤ እሱን አልረሳችም። አንድ ክረምትና ከዚያ ጥቂት ወራት አብራን ኖረች።

ከሥራ ስመለስ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ደጃፉ ላይ አጠገቧ እቀመጥና አውራ ጣቷን አሻሽላት ነበር። ስለ ልጇ እጠይቃታለሁ።

"ቁጡ ነበር" ትለኛለች። "ሲቆጣ አፍንጫው ይነፋል። ግን ጣቴን ይዞ ካልሆነ አይተኛም። እንዲህ፣ ይቺን አውራ ጣቴን። እንቅልፍ እስኪወስደው ያሻሻት ነበር።"

ይህን ስለ ራሴ አላውቅም ነበር። ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ የምበላውን፣ የምፈራውን፣ በጨለማ የምዘፍነውን። እንደሷ አድርጎ ማንም ስለ እኔ አውርቶ አያውቅም፤ ወሬው ግን ለእኔ አልነበረም። አጠገቧ ተቀምጬ ናፈቅኋት።

ትንሽ ቆይታ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።

"አንተስ፣ እናት አለችህ?"

"አለችኝ።"

"በሕይወት?"

"በሕይወት።"

"ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ሊመሽ ነው። ተነስ፣ ሂድ፣ ትጠብቅሃለች።"

ታዛዥ ልጅ አልነበርኩም። በዚያ ወራት ግን እታዘዛት ነበር። ተነስቼ፣ ደኅና አምሺ ብዬ፣ በሠራሁት መንገድ ቤቱን አንድ ጊዜ እዞረውና ተመልሼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እሷም ፈቀቅ ብላ ቦታ ትለቅልኛለች።